«ራሴን ጠላሁት» ስንል የትኛውን ማለታችን ነው?

አራት ሰዎች በአንድ ምሽት ለጓደኛቸው አንድ ዓይነት መልእክት ላኩ እንበል። «ዛሬ ራሴን ጠላሁት።»

የመጀመሪያዋ እናት ናት። ልጇ ብርጭቆ ሰበረ። ቀኑን ሙሉ የተጠራቀመው ድካም በዚያች ብርጭቆ ሰበብ ወጣና ጮኸችበት። ልጁ አላለቀሰም። ጎንበስ ብሎ ስብርባሪውን በእጁ መልቀም ጀመረ። ይህን ካየች ወዲህ እንቅልፍ እምቢ ብሏታል። ሁለተኛው ጓደኞቹ የለጠፉትን ፎቶ አይቶ ስልኩን የወረወረ ወጣት ነው። ሦስተኛው ከዓመታት በፊት «ይቅርብኝ» ያለው ዕድል ሌላ ሰው እጅ ገብቶ ሲያብብ ያየ ጎልማሳ ነው። አራተኛዋን «ምን ሆነሽ ነው?» ብትሏት መልስ የላትም። ምንም አልሆነችም። ዝም ብላ ራሷን ጠላችው።

ለአራቱም የምንሰጠው መልስ ብዙ ጊዜ አንድ ነው። «አረ ተው! አንተ እኮ ጎበዝ ነህ። ራስህን ውደድ።» ከኋላው የቀይ ልብ ምስል እንለጥፍበታለን። በቃ።

ለአንዱ የሚበጀው ለሌላው አይበጅም። እንዲያውም በአንዳንዱ ላይ ያባብስበታል። አማርኛ ደግሞ በዚህ በኩል ቃል አላጣም። ጸጸት አለ፣ ሀፍረት አለ፣ ቁጭት አለ። መሸማቀቅ፣ ራስን መናቅ፣ ራስን መጠየፍ፣ ራስን መታዘብ አለ። «ሼም ያዘኝ» እንኳ ከመጣበት መጥቶ ቤተኛ ሆኗል። ይህ ሁሉ እያለ «ጠላሁት» የምንለው ስለሚቀለን ነው። ቃሉ ትልቅ ነው፤ ሁሉንም ይጠቀልላል። የጠቀለለውን ግን አያሳይም።

ከእናቲቱ እንጀምር። ልጁ ላይ መጮኋ እየመጣ የሚቆጠቁጣት ከሆነ የያዛት ጸጸት ነው። ጸጸት አድራሻ አለው። «እንደዚያ መጮህ አልነበረብኝም» ይላል፤ ጣቱን የሚቀስረው ወደ አንድ ድርጊት ነው። ሌሊቱ እየገፋ ሲሄድ ግን ዓረፍተ ነገሩ ሊለወጥ ይችላል። «እኔ እናት ለመባል የማልበቃ ነኝ።» አሁን ድርጊቱ ጠፋ፤ ሰውየዋ ብቻ ቀረች። ይህ ሀፍረት ነው።

ልዩነቱ ተራ የቃላት ጨዋታ ሊመስል ይችላል። አይደለም። የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ሔለን ብሎክ ሉዊስ በ1971 (ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሁለቱን የለየችው በዚሁ መስመር ነው። በጸጸት ጊዜ የሚከሰሰው የተሠራው ነገር ነው። በሀፍረት ጊዜ ተከሳሹ ራሱ ሰውየው ነው። ከእሷ በኋላ ጁን ታንግኒ የተባለች ተመራማሪ ለብዙ ዓመታት ይህንኑ ስትለካ ቆይታለች። ያገኘችው በአጭሩ ይህ ነው። ጸጸት ሰውን ወደ በደለው ሰው ይገፋዋል፤ ይቅርታ ያስጠይቀዋል፣ ያበላሸውን ያስጠግነዋል። ሀፍረት ግን ወይ ያስደብቀዋል፣ ወይ በሌላው ላይ ያስጮኸዋል።

ታንግኒና ባልደረቦቿ በ2014 ያወጡት ጥናት በተለይ ያስገርማል። የታራሚዎችን ስሜት እስር ቤት እያሉ ለኩ፤ ከተፈቱ በኋላ ደግሞ የመጀመሪያውን ዓመት ተከታተሉ። ለጸጸት ቅርብ የነበሩት ወደ ወንጀል የመመለስ ዕድላቸው ዝቅ ያለ ሆኖ ተገኘ። የሀፍረት ነገር ግን ሁለት መንገድ ነበረው። ሀፍረት ሰውየው ጥፋቱን በሌላ እንዲያላክክ ሲያደርገው ወደ ጥፋት የመመለስ ዕድሉ ይጨምራል። ማላከኩ በሌለበት ግን ሀፍረትም ልጓም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ሀፍረት ሁልጊዜ መርዝ ነው» የሚለውን አጭር ስብከት እኔ አልቀበለውም። መርዝ የሚሆነው መሸከም ሲያቅተን ነው።

ንግግራችን ይህን ልዩነት ድሮም ያውቀዋል። ያፈረ ሰው ምን ይላል? «ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ!» «የምገባበት ጠፋኝ።» አንገቱን ይደፋል፣ ዓይኑን ይሰብራል። ሁሉም የመሰወር ቋንቋ ነው። የተጸጸተ ሰውስ? «ኅሊናዬ ወቀሰኝ» ይላል፤ «ሲቆጠቁጠኝ አደረ» ይላል። እዚህ መደበቅ የለም። ወቃሽና ተወቃሽ ቁጭ ብለው እየተነጋገሩ ነው። መነጋገር ካለ መታረቅ ይመጣል። እናቲቱ ጠዋት ልጇን አቅፋ «ትናንት ስጮህብህ አጥፍቻለሁ» ብትለው ጸጸቱ ሥራውን ሠርቶ ይሄዳል። በሀፍረት ከቀረች ግን ወይ ዓይኑን ማየት ትፈራለች፣ ወይ ጭራሽ «አንተ ነህ ያናደድከኝ» ብላ በእሱው ትዞርበታለች። ሁለተኛውን ያላየ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ሦስተኛው ሰውዬ ላይ ብዙ አልቆይም፤ የእሱ ቀላል ነው። ቁጭት ነው የያዘው። እርር ድብን ያለ፣ ጣት የሚያስነክስ ቁጭት። ቶማስ ጊሎቪችና ቪክቶሪያ ሜድቬክ በ1990ዎቹ እንዳሳዩት፣ በቅርቡ የሆነ ነገር ላይ ሰው የሚቆጨው በሠራው ነው። ዘመን ሲያልፍ ግን ሳይሠራ በተወው ነገር ላይ ይበልጥ ይቆጫል። ያልጀመረው ትምህርት፣ ያልተናገረው ቃል፣ «ይቅርብኝ» ያለው ሥራ። ቁጭት ያማል፤ ነገር ግን ውስጡ ፍላጎት አለ። የሚቆጭ ሰው አሁንም አንድ ነገር ይፈልጋል። ራሱን የሚጠላ ሰው ምንም ላይፈልግ ይችላል። ይህን ሰው «ራስህን ውደድ» ከማለት «አሁን ምን ብትጀምር ይሻላል?» ማለት ይበጃል።

ወጣቱስ? እሱ ላይ ስም ለማውጣት ትንሽ ጠጋ ማለት ያስፈልጋል። ፎቶውን አይቶ «ከእነሱ አንሳለሁ» ካለ የበታችነት ስሜት ነው፤ በሰፈር ቋንቋ ኮምፕሌክስ የምንለው። ነገሩን ዝነኛ ያደረገው የሥነ ልቦና ሊቁ አልፍሬድ አድለር ግን የበታችነት ስሜትን እንደ በሽታ አልቆጠረውም። ሁሉም ሰው ዘንድ አለ፤ ልጅን እንዲያድግ፣ ደካማን እንዲበረታ የሚገፋ ነው ይል ነበር። ኮምፕሌክስ የሚሆነው ሰውየው በስሜቱ ታስሮ ሲቆም ነው። እኛ ደግሞ አንድ ሰው ትንሽ ሲያፍር «ኮምፕሌክስ አለበት» ብለን እንፈርጃለን። ለአድለርም ለልጁም ፍትሕ አይደለም።

ወጣቱ ያሰበው «እንደምመኘው አይደለሁም» የሚል ከሆነ ደግሞ ቶሪ ሂጊንስ በ1987 ያቀረበው ሐሳብ ይረዳናል። እንደ ሂጊንስ፣ ሰው በውስጡ ሦስት ራስ ይዞ ይዞራል። የሆነውን፣ መሆን የሚመኘውን፣ መሆን ይገባኛል የሚለውን። በሆነውና በሚመኘው መካከል ያለው ክፍተት ሲሰፋ ሰውየው ያዝናል፣ ይከፋዋል፣ ተስፋ ይቆርጣል። በሆነውና በሚገባው መካከል ሲሆን ግን ይጨነቃል፣ ይሸማቀቃል፣ ቅጣት የሚመጣበት ይመስለዋል። ስለዚህ «ራሴን ጠላሁት» ያለ ሰው ፊቱ ላይ የሚታየው ሐዘን ነው ወይስ ጭንቀት ብሎ ማየት ብቻ ብዙ ይናገራል። ስልክ ደግሞ የመጀመሪያውን ክፍተት የማስፋት ልዩ ችሎታ አለው። የምንመኘውን ራስ በሌላ ሰው ገላ ላይ አድርጎ በየደቂቃው ያሳየናል።

ከዚህ ሁሉ የተለየ ሌላም አለ፤ ብዙ የማይነገርለት። መጠየፍ። ወጣቱ ፎቶውን አይቶ ፊቱን ካጨማደደ፣ መስታወት ካስጠላው፣ ሰው ሲነካው ካሳቀቀው፣ ይህ የበታችነት ብቻ አይደለም። በ2008 የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ራስን የመጠየፍ ስሜትን ለብቻው የሚለካ መጠይቅ አዘጋጁ። ስሜቱ ስለ ራስ ካለ ክፉ ሐሳብና ከድባቴ (በእንግሊዝኛ ዲፕሬሽን ከሚባለው ሕመም) ጋር ተያይዞ ተገኘ። መጠየፍ የራሱ ሥርዓት አለው። የተጠየፍነውን ነገር አንመክረውም፣ አናርመውም። እናርቀዋለን፣ እናጥበዋለን። አሁን የሚጠየፉት የገዛ ገላ ሲሆን ወዴት ይራቃል? እንዲህ ያለውን ሰው በምክር ማባበል ብዙም አይሠራም። በተለይ የደረሰበት በደል ካለ፣ ለምሳሌ ጥቃት፣ ጉዳዩ የባለሙያ ነው።

መጥላትና መናቅም አንድ አይደሉም። መጥላት ትኩስ ነው፣ ይታገላል። መናቅ የቀዘቀዘ ነው። «እኔ ብሎ ነገር! ምን ይጠበቃል ከኔ?» ሲል የሰማችሁት ሰው እየሳቀ ሊሆን ይችላል፤ ሳቁ ነው የሚያሳስበው። ፖል ጊልበርትና ባልደረቦቹ በ2004 ራስን መውቀስን ሲያጠኑ ሁለት መልክ አገኙበት። አንደኛው «አልበቃሁም፣ ጎድያለሁ» የሚል ነው፤ ጠንከር ቢልም ዓላማው ማረም ነው። ሁለተኛው ማጥፋትና ማጥቃት የሚፈልግ፣ ራስን ለመጉዳት የሚጋብዝ ጥላቻ ነው። የመጀመሪያው መጥፎ አስተማሪ ነው። ሁለተኛው ግን የሚያስተምረው ነገር የለም።

በዚህ ሁሉ መሐል አንድ ደግ ቃል አለችን፦ «ራሴን ታዘብኩት»። እኔ በጣም እወዳታለሁ። ሰውዬው ራሱን አላዋረደም፣ አላባረረም። ትንሽ ፈቀቅ ብሎ አየውና ጉድ አለ። ኢታን ክሮስ የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ በ2014 ያሳዩት ነገር ከዚህ ጋር ይገጥማል። ሰዎች አስጨናቂ ነገር ሲገጥማቸው «እኔ» እያሉ ከሚያስቡ ይልቅ ራሳቸውን በስማቸው እየጠሩ ሲያስቡ ጭንቀታቸው ይቀንሳል፤ ከሆነ በኋላም እየደጋገሙ ራሳቸውን አይበሉም። መታዘብ ማለት ይኸው ርቀት ነው።

እዚህ ላይ ከመንገድ ወጣ ብዬ አንድ ታሪክ ላንሳ። በ1990 ሕንድ ውስጥ ዳራምሳላ ላይ በተደረገ ውይይት ሻሮን ሳልዝበርግ የተባለች አሜሪካዊት የማሰላሰል መምህርት የቲቤት ቡድሂስቶች መሪ የሆኑትን ዳላይ ላማን ራስን ስለ መጥላት ምን እንደሚያስቡ ጠየቀቻቸው። እሳቸው ግራ ተጋቡ። «ራስን መጥላት ምንድን ነው?» ብለው መልሰው ጠየቁ፤ አስተርጓሚውን ጨምሮ ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ ለማስረዳት ተቸገሩ። ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚነገረው «ቲቤታውያን ዘንድ ችግሩ የለም» ለማለት ነው። እኔ እንደዚያ አላነበውም። ቃል አለመኖሩ ሕመሙ አለመኖሩን አያሳይም። ሕመሙ በሌላ ስም ሊጠራ ይችላል፤ ወይ ሳይጠራ ሊኖር ይችላል። የኛ የሚብሰው ቃል ሞልቶ ሳለ አለመጥራታችን ነው።

መጥራቱ ለምን ይጠቅማል? አንዱ መልስ ከአንጎል የመጣ ነው። ማቲው ሊበርማንና ባልደረቦቹ በ2007 ሰዎችን የአንጎል ምስል ማንሻ ውስጥ አስተኝተው በቁጣ ወይም በፍርሃት የተሞላ ፊት አሳዩአቸው። ለፊቱ የስሜት ስም ሲመርጡ፣ የሰው ስም ከሚመርጡበት ጊዜ ይልቅ አሚግዳላ የሚባለው የአንጎል ክፍል ረገብ ብሎ ታየ። አሚግዳላ አደጋ ሲመጣ ቶሎ የሚነቃ ነው። ጥናቱ ስለ ሌሎች ፊት እንጂ ስለ ራስ ጥላቻ አይደለም፤ ይህን አልደብቅም። ሆኖም ስም ማውጣት ብቻውን ምላሽን እንደሚያለዝብ ያሳያል።

ሌላው መልስ ደረቅ ነው፤ ስሙ ካልታወቀ መድኃኒቱ አይታወቅም።

«ራስህን ውደድ» የሚለውን ደግሞ እንየው። በ2009 ጆአን ዉድና ባልደረቦቿ ሰዎች «እኔ የምወደድ ሰው ነኝ» የሚል ዓረፍተ ነገር ለራሳቸው እንዲደጋግሙ አደረጉ። ቀድሞውንም ለራሳቸው ጥሩ ግምት የነበራቸው ትንሽ ተሻላቸው። ለራሳቸው ዝቅተኛ ግምት የነበራቸው ግን ባሰባቸው። መድኃኒቱ የሠራው ለጤነኛው ነው! ምክንያቱን መገመት አይከብድም። «የምወደድ ነኝ» ስትል ውስጥህ «ኧረ?» ይላል። ከዚያ የማትወደድበትን ማስረጃ አንድ በአንድ ማውጣት ይጀምራል።

ዊልያም ስዋንና ባልደረቦቹ በ1992 ያወጡት ደግሞ ከዚህም ይከብዳል። ስለ ራሳቸው መጥፎ አመለካከት ያላቸው ባለትዳሮች ከሚያሞግሳቸው ይልቅ ዝቅ አድርጎ ከሚያያቸው የትዳር ጓደኛ ጋር ይበልጥ ተቆራኝተው ተገኙ። ሰው ከመወደድ በፊት መታወቅ ይፈልጋል፤ ራሱን የማይረባ አድርጎ ካወቀ፣ «አትረባም» የሚለው ሰው የሚያውቀው ይመስለዋል። አድናቆታችን ለምን ነጥሮ እንደሚመለስ አሁን ይገባናል። ሰውየው ምስጋና ጠልቶ አይደለም። ስለ ሌላ ሰው የምታወሩ ይመስለዋል።

ብዙዎች ደግሞ አለንጋውን መጣል ይፈራሉ። «ራሴን ካልገረፍኩ እሰንፋለሁ» ይላሉ። ጁሊያና ብሬይንስና ሴሬና ቼን በ2012 ይህንን ፈተኑት። ተማሪዎች ከባድ የቃላት ፈተና ወደቁ። ለአንዱ ቡድን «ፈተናው ለብዙ ሰው ይከብዳል፣ በራሳችሁ ላይ አትጨክኑ» ተባለ። ለሌላው «እዚህ የገባችሁት ብልህ ብትሆኑ ነው» ተባለ። ከዚያ ለሁለተኛ ፈተና እንዲያጠኑ ጊዜ ተሰጣቸው። ረዘም ላለ ጊዜ ያጠናው የመጀመሪያው ቡድን ነው። ሙገሳ አይደለም ያስጠናቸው፤ መውደቃቸውን ሳይክድ ያልጨከነባቸው ቃል ነው።

አራተኛዋን ሆን ብዬ ወደ መጨረሻ አቆየኋት። «ምን ሆነሽ ነው?» ሲሏት «ምንም» ያለችው።

ሲግመንድ ፍሮይድ በ1917 ባሳተመው ጽሑፍ ሐዘንን ከከባድ ድባቴ ለይቶ ነበር። ሐዘንተኛ ሰው ዓለም ባዶ ይሆንበታል፤ በድባቴ የተያዘ ሰው ባዶ የሚሆንበት ራሱ ነው አለ። ብዙው የፍሮይድ ሐሳብ ዛሬ ተሽሯል። ይህ ምልከታ ግን ሐኪም ቤት ውስጥ አሁንም ይታያል። የዛሬው የአሜሪካ የአእምሮ ሕክምና መመሪያ ለድባቴ ዘጠኝ ምልክቶችን ይዘረዝራል። ከነሱ አንዱ ራስን ዋጋ ቢስ አድርጎ ማየት ወይም ከልክ ያለፈ ጸጸት ነው። ምልክቶቹ አምስት ሆነው ለሁለት ሳምንት ሲቆዩ ነው ሐኪሙ ድባቴ የሚለው፤ ከአምስቱ አንዱ ደግሞ የከፋ ስሜት ወይም ለነገሮች ፍላጎት ማጣት መሆን አለበት። ጤና ጣቢያዎች የሚጠቀሙበት ዘጠኝ ጥያቄ ያለው መጠይቅም ስድስተኛው ላይ ይህንኑ ይጠይቃል፤ ባለፉት ሁለት ሳምንታት ራስህን እንደ ወደቀ ወይም ቤተሰቡን እንዳሳፈረ ሰው ቆጥረህ ታውቃለህ ወይ ብሎ።

ስለዚህ የአራተኛዋ «ጠላሁት» ምክንያት ማጣቱ ራሱ ምልክት ሊሆን ይችላል። ጸጸት ድርጊት አለው፣ ቁጭት ያመለጠ ነገር አለው፣ ሀፍረት ተመልካች አለው። የእሷ ምንም የለውም። እንቅልፏ ከተዛባ፣ ምግብ ካስጠላት፣ ድሮ የምትወደው ነገር ካልጣማት፣ ከሷ ጋር ስለ ዋጋዋ መከራከር ጉልበት መጨረስ ነው። ድባቴ የሚታከም ሕመም ነው፤ በንግግር ሕክምናም በመድኃኒትም። መከራከሩን ትቶ ሐኪም ጋ አብሮ መሄድ ይሻላል።

አንድ የሚያስቸግር ነገር ግን አለ። የኛ ንግግር ማጋነን ይወዳል። መንገድ የተዘጋበት ሰው «መፈጠሬን ጠላሁ» ይላል። ስብሰባ የረዘመበትም «ለምን ተፈጠርኩ» ይላል። ሁላችንም እንላለን፣ ማንም አይደነግጥም። በዚህ መሐል አንዱ የምሩን ሲለው እንዴት ይለያል? ቃሉ አይለየውም። ድምፁ፣ ጊዜው፣ አብሮት የሚመጣው ነገር ይለየዋል። ያለ ብስጭት በቀዘቀዘ ድምፅ ከተባለ። ከቀናት በኋላ ከተደገመ። «እኔ ባልኖር ይቀላችኋል» የሚል ከተከተለው። ዕቃ ማከፋፈል፣ መሰናበት የመሰለ ነገር ካለ።

ያን ጊዜ ማድረግ ያለብን ብዙ ሰው የሚፈራውን ነው፤ በቀጥታ መጠየቅ። «ራስሽን ለማጥፋት አስበሽ ታውቂያለሽ?» ጥያቄው ሐሳቡን ያስገባባታል የሚለው ፍርሃት በጥናት አልተደገፈም። እንዲያውም ብዙዎች ሲጠየቁ ይቀላቸዋል። መልሱ «አዎ» ከሆነ ብቻዋን አትተዉአት፤ ልትጎዳበት የምትችለውን ነገር ከአጠገቧ አርቁ፣ ያን ዕለት ራሱ ወደ ቅርብ የጤና ተቋም ይዛችኋት ሂዱ። ይህን ስታነቡ «እኔን ነው» ያላችሁ ካላችሁም እንደዚሁ። ለአንድ ለምታምኑት ሰው ዛሬውኑ ንገሩ። «ራሴን ጠላሁት» ብቻ ብላችሁ አትለፉት፤ የትኛው እንደሆነ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ ምን እያሰባችሁ እንደሆነ ንገሩት።